የኋላ ፍሬኑ የሚጮህ ጂኒ

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው። ከዋሸሁ ሞተሬ ሶሎሎ መንገድ መሀል ላይ ነዳጅ ጨርሶ ያስቀረኝ፤ ያውም ኔትወርክ በሌለበት። የሞያሌ ሰው "ብሥራት? እሱን ብላችሁ ታምናላችሁ?" ቢላችሁ አትስሙት። ያ ሰው ድንበሩ ወደ ጎዶማ ሊዛወር ነው ብዬ ነግሬው ሱቁን ነቅሎ ግማሽ መንገድ ስለሄደ ነው ቂም የያዘብኝ። ይሄኛው ግን እውነት ነው። ካላመናችሁኝ ኢንስፔክተር ሀዎን ጠይቁ። እሷ ሥራ ከበዛባት ፍየሉን ጠይቁ።

ነገሩ የተጀመረው ሐሙስ ንጋት ላይ ነው።

እኔ ቦዳቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂ ነኝ። የናይሮቢ አውቶቡስ የሚሳፈሩ ሰዎችን ጎህ ሳይቀድ ከየቤታቸው እያነሳሁ አውቶቡሱ ከሚነሳበት ስቴጅ አደርሳለሁ። የዚያን ቀን ከማማ መሪማ ግቢ ማዶ፣ ማዕዘኑ ላይ፣ ሞተሬን አጥፍቼ ደንበኛዬን እጠብቃለሁ። የሱብሂ አዛን ገና ማለቁ ነው። ድንገት፦

"ሲጥጥጥጥ!"

ከዚያ ጸጥ። ትንሽ ቆይቶ፣ ወደ ማማ መሪማ በር ጠጋ ብሎ፣ ደግሞ "ሲጥጥጥጥ!" የሞተር ድምፅ የለም። መብራት የለም። ኮቴ የለም። ብቻ አንድ ጥቁር ነገር በድንግዝግዙ ውስጥ መሬት ሳይነካ ሲንሳፈፍ አየሁ። ጸጉሬ ቆሞ የራስ ቁሬን ወደ ላይ ገፋው። ሞተሬን አስነስቼ በረርኩ። ደንበኛዬ አውቶቡሱ አምልጦት እስከ ዛሬ አያናግረኝም።

ፀሐይ ስትወጣ የማማ መሪማ ጩኸት ሰፈሩን አነቃው።

"ዳለቻ! ዳለቻዬን ወሰዱብኝ!"

ዳለቻ የማማ መሪማ አውራ ፍየል ነው። ፍየል ስላችሁ ተራ ፍየል አይምሰላችሁ። ቁመቱ ወይፈን ያህላል፤ ጢሙን ያየ ሽማግሌ ከባለቤቱ በፊት እሱን ነው ሰላም የሚለው። ከሶሎሎ እስከ ኦዳ እንስት ፍየል ያለው ሁሉ ዘር ፍለጋ ወደ እሱ ይመጣል። ያለፈውን ዓመት የከብት ውድድር አንደኛ የወጣው እሱ ነው፤ የዘንድሮው ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ማማ መሪማ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩት በሱ ስም ነው ማለት ይቻላል።

በረቱ ባዶ ነው። መቀርቀሪያው ተመልሶ ተዘግቷል። ደም የለም፤ ስለዚህ ጅብ አይደለም። መሬቱ ጠጠር ነው፤ ዱካ አይዝም።

በረቱን የሚጠብቀው ለሚ ነው፤ የእኔ ጓደኛ። ሞያሌ ውስጥ አንዱን ቀልዴን ሁለት ጊዜ ነግሬው ሁለቴም የሚስቅልኝ ብቸኛ ሰው። እሁድ ሠርጉ ነው፤ ጣይባን ሊያገባ።

"አዛን ሲል ወደ መስጊድ ሄድኩ፤ ሰግጄ ስመለስ የለም" አለ ለሚ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ።

"መስጊድ ማን አየህ?" አለው ሱፊያን።

ሱፊያን የማማ መሪማ ሟች ባል ወንድም ነው። ከሞምባሳ ወደብ ያስመጣትን ነጭ ሃይብሪድ መኪና ከድንበሩ እስከ ኦዳ ታክሲ ይሠራባታል። ድምፁ ከሁሉ ይበልጥ ነበር።

"ውጭ ነው የሰገድኩት። ዘግይቼ ስለደረስኩ..."

"አያችሁ? ማንም አላየውም! እስቲ አስቡ ጎበዝ፣ ውሻው ለምን አልጮኸም? የሚያውቀው ሰው ስለሆነ! ደግሞ ያንን የሚያህል ፍየል በመኪና ቢወስዱት ሞተር አንሰማም? ሰፈሩ ሁሉ ለሱብሂ ነቅቶ ነበር፤ ሞተር የሰማ አለ?"

የለም። ማንም አልሰማም።

"እንግዲያው በእግሩ ነው የሄደው። እየመራ የወሰደው ደግሞ ይሄ ነው!"

ለሚን ፖሊስ ወሰደው። የጣይባ አጎቶች ከሰዓት ሳይደርስ ቃላቸውን ሰጡ፤ ለሌባ ልጅ አንሰጥም፣ እስከ እሁድ ስሙ ካልጠራ ሠርግ የለም። ሰኞ ደግሞ ፍርድ ቤት ይቀርባል።

እኔ ጓደኛዬን ለማዳን የማውቀውን አደረግሁ። ሻይ ቤት ገብቼ ዳለቻን ጂኒ እንደወሰደው በዓይኔ በብረቱ አየሁ አልኩ። ጂኒ ከሰረቀ ለሚ ነጻ ነው፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። ምሳ ሰዓት ሲሆን ጂኒው የመስታወት እግር አወጣ። ከምሳ በኋላ ግመል ላይ ተቀመጠ። ግመሉን እኔ አይደለሁም፤ ሻይ ቤቱ ነው የጨመረው።

ከዚያ ኢንስፔክተር ሀዎ መጣች።

ሀዎ የዚሁ ከተማ ልጅ ናት። ፈገግታዋን ቤቷ አስቀምጣ ነው ሥራ የምትገባው። አማርኛውን ገበያ ውስጥ፣ ስዋሂሊውን ትምህርት ቤት፣ ዝምታውን ግን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ወደ ማማ መሪማ ግቢ ስትገባ ከሕዝቡ ጋር ተጋፍቼ ተከተልኳት። መጀመሪያ የውጭውን በር ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች። ትንፍሽ አላለም።

"እዚህ ሰፈር ሲጢጥ የማይል በር መጀመሪያዬ ነው" አለች። "ማን ነው የቀባው?"

"ሱፊያን ነው ልጄ፤ ያለፈው ጁምዓ" አሉ ማማ መሪማ። "የበግ ላት ቀባልኝ። ከወንድሙ ሞት ወዲህ እንዲህ ነው፣ ያስብልኛል።"

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። እኛ ሞያሌዎች የሚጮህ ነገር ካገኘን ላት እንቀባለን። የበር ማጠፊያ፣ የጉድጓድ መዘውር፣ የስፌት መኪና፣ ሁሉም ላት ይበላል።

ሀዎ ራሷን ነቀነቀችና ዞር አለች። ከዚያ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች።

"ባለ ጂኒው። ና።"

እግሬ ሄደ፤ እኔ ግን ቀረሁ ማለት ይቻላል።

"አፋንዴ፣ እኔ እኮ..." አልኩ፤ እኛ ጋ ፖሊስ የሚጠራው እንዲህ ነው።

"ስለ መስታወት እግሩ አትንገረኝ። ስለ ግመሉም። ስለ ጩኸቱ ንገረኝ። ሲጮህ የት ነበር?"

"አንዴ ማዕዘኑ ጋ። አንዴ በሩ ጋ።"

"በመሀል?"

"ዝም።"

"ሲሄድ ነው የሚጮኸው፣ ሲቆም?"

አሰብኩ። ሰው እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው እኔን የሚጠይቀው "ከዚያስ?" ብሎ ነው።

"ሊቆም ሲል ነው አፋንዴ። ቀስ ይልና፣ ሊቆም ሲል ይጮሃል። ከቆመ ዝም።"

ጠጋ አለችኝ።

"ብሥራት፣ ጂኒ ፍሬን አለው?"

"እ... የለውም መሰለኝ።"

"እንግዲያው ሞተርህን አስነሳ። ጋራዥ እንሄዳለን።"

የፖሊስ ኢንስፔክተር ከኋላዬ ጭኜ በገበያው መሀል አለፍኩ። ሰው ሁሉ የታሰርኩ መሰለው፤ አንዳንዱ አጨበጨበ።

የቦጋለ ጋራዥ ከዋናው መንገድ ቁልቁል ነው። ቦጋለ አንገቱ ጋ የተቆለፈ ቱታ የሚለብስ፣ ስለ ራሱ ሲያወራ "መምህር ቦጋለ" የሚል መካኒክ ነው። ጥያቄውን ሳትጨርሰው መለሰላት።

"ሞተሩ የማይሰማ መኪና? ሃይብሪድ ነዋ! ቀስ ብሎ ሲሄድ በባትሪ ነው። አጠገብሽ ቆሞ እንኳ አትሰሚውም።"

"የሚጮኸውስ?"

"የኋላ ፍሬን! ሃይብሪድን የሚያቆመው አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው። ጎማውን ይይዝና ጉልበቱን መልሶ ባትሪ ውስጥ ይከታል። ፍሬኑ የሚነካው መጨረሻ ላይ፣ ሊቆም ሲል ነው። የኋላው ፍሬን በተለይ ደመወዝ እየበላ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ሥራ የፈታ ብረት ምን ይሆናል? ይዝጋል። የዛገ ይጮሃል።"

ሀዎ እኔን አየችኝ። እኔም ራሴን ኮራ ብዬ ያዝኩ፤ ጂኒዬ የኤሌክትሪክ ሆኖ ተገኘ።

"እንዲህ የሚጮህ ሃይብሪድ ማን አለው?"

ቦጋለ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የመሐዲ። አምጥቶልኝ የፍሬኑን ሸራ፣ ጎማውን ጨምቆ የሚያቆመውን፣ በአዲስ ቀየርኩለት፤ በሳምንቱ ተመልሶ ጮኸ። ሸራው አስመስሎ የተሠራ መሆን አለበት እንጂ፣ መምህር ቦጋለ..."

ሀዎ የቀረውን አልሰማችም። ምክንያቱም መሐዲ የከብት ነጋዴ ነው፤ ባለፈው ዓመት ውድድር ሁለተኛ የወጣው አውራ ፍየልም የእሱ ነው።

ከብት ገበያው ጋ አገኘነው። ግራጫ መኪናውን ጥላ ሥር ሊያቆማት ሲል፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ "ሲጥጥጥጥ!" አለች። ግመሎቹ ሁሉ ዞሩ።

"ያው ነው! ያው ድምፅ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ምኑ ነው ያው?" አለ መሐዲ ከመኪናው እየወረደ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው።

"ዛሬ ንጋት ላይ የት ነበርክ?" አለችው ሀዎ።

"ሶሎሎ። እህቴ ሆስፒታል ተኝታለች፤ እዚያው አደርኩ። አሁን መድረሴ ነው።" ከዚያ ዳለቻ መጥፋቱ ሲነገረው ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "ዳለቻ? የማማ መሪማ ዳለቻ? ወላሂ እኔን ነው የጠረጠራችሁ?"

"ሁለተኛ የወጣኸው አንተ ነህ።"

"ሁለተኛ ወጣሁ እንጂ ሌባ አልወጣሁም! እሱ ከሌለ አንደኛ ብሆን ማን ያከብረኛል? በሱ ነው መሸነፍ የምፈልገው፣ ወይ እሱን ማሸነፍ!"

ሀዎ ወደ ሆስፒታሉ ደወለች። ዘበኛው ስልኩን አንስቶ አዎ አለ፤ ግራጫዋ መኪና እስከ ረፋድ በሩ ላይ ነበረች፣ ከስፍራዋም አልተነቃነቀችም። በጎኗ ላይም የሶሎሎ መንገድ ቀይ አቧራ እንደ ሽሮ ተነስንሶ ነበር።

በከተማው የቀረው ሌላ ሃይብሪድ አንድ ብቻ ነው።

አርብ፣ ልክ እኩለ ቀን፣ ሱፊያን ራሱ ሳይጠራ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ መጣ። የፍሬን ወሬ ሰምቶ ነው። "ሃይብሪድ አለኝ፤ ስሙ!" አለና በሰዎች ፊት ነድቶ አቆመ። ነድቶ አቆመ። እንደ ቅቤ ነበር። አንዲት ድምፅ የለችም።

"የእኔ መኪና ከተገዛች ጀምሮ ጮኻ አታውቅም!" አለ። "አፋንዴ፣ የዚህን ውሸታም ወሬ ይዘሽ ትዞሪያለሽ? ሌባው እኮ ውስጥ ነው ያለው።"

ሰው ሳቀ። የሳቁት በእኔ ነው። በሌላ ጊዜ ብሆን አብሬ እስቅ ነበር፤ ነገር ግን ጣይባ ከአጥሩ ጋ ቆማ አየኋት። ጠጋ ስል "ብሥራት" አለችኝ፣ "ሕይወትህን ሙሉ ስትዋሽ ማንንም አልጎዳህም ብዬ እከራከርልህ ነበር። አሁን እውነት ብትናገርም ለሚን የሚያድንልኝ የለም። ያየኸው አንተ ብቻ ነህ፤ አንተን ደግሞ ማን ያምናል?"

ዞሬ ሞተሬን አስነሳሁ።

ሀዎ ግን ከኋላዬ ተሳፍራ ወደ ቦጋለ ጋራዥ ተመለሰች። የመሐዲ መኪና ክሪክ ላይ ናት፤ የኋላ ጎማዋ ወልቋል። ቦጋለ ሸራውን የያዘውን ብረት አንስቶ በካቻቢቴ ሲገፋው አልንቀሳቀስ አለው። ገፋው፤ አልንቀሳቀስ። ፊቱ ቀስ በቀስ ቀላ።

"ምንድነው?" አለችው።

"ሸራው አይደለም" አለ፣ ድምፁ ከወትሮው አንሶ። "ይሄ ብረት ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተትባቸው እነዚህ ጣት የሚያካክሉ ሁለት ዘንጎች ዝገው ተጣብቀዋል። ስለዚህ ፍሬኑ ሲለቀቅ ሸራው አይመለስም፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ እየላሰ ይኖራል። ሸራ ብቻ ቀይሬ እነዚህን አላየሁም። ብቀይረው ብቀይረው ይጮሃል።"

"መምህር ቦጋለ ተሳሳተ?" አልኩ እኔ።

"ዝም በል አንተ።"

"ጠዋትና እኩለ ቀን ልዩነት አለው?" አለች ሀዎ።

"በጣም እንጂ! ጠዋት ጤዛ አድሮበት ዝገቱ ትኩስ ነው፤ ይጮሃል። ታክሲ ሲሠራ ውሎ እኩለ ቀን ላይ ዝገቱ ይቦረሻል፣ ይቀንሳል። ደግሞ ቀስ አድርጎ የሚነዳ ሰው በሞተሩ ብቻ ሊያቆማት ይችላል፤ ፍሬኑን ሳይነካው ማለት ነው። እንዲጮህ ከፈለግሽ ማርሹን ኒውትራል ላይ አድርጊው። ያኔ ሞተሩ እጁን ይሰበስባል፤ ፍሬኑ ብቻውን ይቀራል።"

ሀዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ቤቷ ያስቀመጠችውን ልካ ያስመጣችው መሰለኝ።

"ብሥራት፣ ሻይ ቤት ሂድ። ነገ ጠዋት ሃይብሪዶች ሁሉ ቁልቁለቱ ላይ በኒውትራል ይሞከራሉ፣ የጮኸችው የሌባው ናት በል።"

"ሌላ ምን ልጨምር?"

"ምንም። እውነቱን ብቻ።"

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ተሰጥቶኝ አያውቅም። ሻይ ቤት ገብቼ የተባልኩትን ብቻ ተናገርኩ። ሰው እስክጨርስ ጠበቀ። "ከዚያስ?" አሉኝ። "አለቀ" አልኩ። አንዱ ታምመሃል ወይ ብሎ ግንባሬን ነካኝ። ነገር ግን ወሬው ሄደ፤ ከእኔ የወጣ ወሬ መንገዱን ያውቃል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ከድንበሩ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ዳር ከተማው ሁሉ ቆመ። ማማ መሪማ ነጠላቸውን አጥብቀው መጡ። የጣይባ አጎቶች መጡ። ለሚን ሀዎ ራሷ ከጣቢያ አውጥታ አጠገቧ አቆመችው።

መጀመሪያ የመሐዲ ግራጫ ወረደች። ቦጋለ እየሮጠ አጠገቧ ነበር፣ እንደ ሚዜ። አርብ ሲሠራባት ነው የዋለው፤ የተጣበቁትን ብረቶች አውጥቶ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቆ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ ለእነሱና ለሸራው ጀርባ ብቻ አድርጎ፣ የሸራውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ። ከዚያ በኒውትራል ደጋግሞ እያቆመ አለማመዳት። "ፊቱን ግራሶ የነካው ሰው መካኒክ አይደለም፣ ነፍሰ ገዳይ ነው" እያለ።

"ኒውትራል!" አለች ሀዎ።

መሐዲ ረገጠ። መኪናዋ ቆመች። ጸጥ። ቦጋለ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ ሕዝቡ አጨበጨበለት። ወደ እኔ ዞሮ "ማን ተሳሳተ?" አለኝ።

ቀጥሎ የሱፊያን ነጭ መጣች።

"ኒውትራል!"

ሱፊያን ረገጠ። ቆመች። ጸጥ። ደግሞ ነዳ፤ ደግሞ ረገጠ። ጸጥ። ትንኝ እንኳ ከእሷ የበለጠ ትጮሃለች።

ሱፊያን አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ሰማችሁ ወገኖቼ? ወይስ አልሰማችሁም? እኔም አልሰማሁም!" ሰው ሳቀ። የለሚ ጭንቅላት ወደ መሬት ወረደ። ከጣይባ አጎቶች አንዱ "በቃ እንሂድ" አለ።

ያኔ ነው እኔ ውሾቹን ያየሁት።

የገበያው ውሾች በሙሉ መንገዱን ይዘው፣ በቁልቁለቱ፣ አፍንጫቸውን ቀስረው ይመጣሉ። አንካሳው ውሻ ሳይቀር። ከኋላቸው፣ በዚያ በጠዋት ፀሐይ፣ ከሥጋ ቤት የተነሳ አንድ ጭላት እየዞረ ይከተላቸዋል። ቀጥ ብለው መጥተው የሱፊያንን የኋላ ጎማ መላስ ጀመሩ።

"ውሾቹን እዩ!" አልኩ።

ማንም አልዞረም። ብሥራት ነው ያለው፤ ለምን ይዞራሉ?

"ወገኖቼ፣ በእናታችሁ፣ አንድ ጊዜ! ውሾቹ መኪና እየበሉ ነው!"

ሳቁብኝ። ሀዎ ብቻ ዞረች። አየች። ተራመደች፣ ጎንበስ አለች፣ አሸተተች። እኔም አጠገቧ ጎንበስ አልኩ። የጥብስ ሽታ ነበር፤ ማለዳ ቁርስ ያልበላ ሰው አፉን የሚያረጥብ፣ ያረረ ላት።

"ሱፊያን" አለች በለሰለሰ ድምፅ፣ "ማርሹን እዚያው ተወው። እግርህን ከፍሬኑ አንሳና የእጅ ፍሬኑን ጎትት።"

"ለምን?"

"የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ብቻ ነው። ጎትት።"

ጎተተ። መኪናዋ ቆማ ሳትጨርስ መንሸራተት ጀመረች። ቀስ ብላ፣ እንደ ሙሽራ፣ ያለ አንዳች ድምፅ። ሱፊያን በሁለት እጁ ሲጎትት እሷ ትሄዳለች፤ ውሾቹም ከኋላዋ እየላሱ ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ ከመንገዱ ዳር ያለ የሐብሐብ ክምር ውስጥ ገብታ ቆመች። ከተማው ሁሉ አፉን ያዘ።

ቦጋለ ክሪኩን ይዞ ሮጠ። ጎማው ሲወልቅ ዲስኩም ሸራውም በቀለጠ የበግ ላት አብረቀረቁ። ቦጋለ ራሱን ያዘ። "ፊቱን! ፊቱን ነው የቀባው!"

"ቢጮህብኝ ቀባሁት፣ ምን ችግር አለው?" አለ ሱፊያን ከሐብሐቡ መሀል እየወጣ። "ሞያሌ ውስጥ የሚጮህ ነገር ላት የማይቀባ ማን ነው?"

"ማንም የለም" አለች ሀዎ። "ትናንት ግን ከተገዛች ጀምሮ ጮኻ አታውቅም ብለኸናል። የማይጮህ ነገር ላት የሚቀባ እኔ አላውቅም።"

ሱፊያን ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሀዎ ፊቱ ቆመች።

"ያለፈው ሳምንት ጁምዓ የማማ መሪማን በር ቀባህ፣ እንዳይሰማ። ውሻው ያውቅሃል፣ አይጮህብህም። ሞተርህን ማንም አይሰማም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያልቀባኸው፤ ያንን የሰማ ደግሞ ከተማው የማያምነው አንድ ሰው ብቻ ነው። መሰማትህን ስታውቅ ግን ትናንት ማታ እሱንም ቀባኸው።"

ማማ መሪማ ቀረብ አሉ። አልጮሁም። ያ ነው የከበደው።

"ሱፊያን፣ የወንድምህ ፍየል ነው። የት አለ?"

ሱፊያን ለሀዎ አልመለሰም፤ ለሕዝቡም አልመለሰም። ለእሳቸው ግን መለሰ። "ኦዳ" አለ። "ከማዶ የመጣ ገዢ ለምኖኝ ነበር፤ አንቺ አልሸጥም ስትይ... ጨው እያላስኩ የኋላ ወንበር ላይ አስገባሁት። ነገ ሊወስደው ነበር።"

ለሚ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለና ሱጁድ ወረደ። ሲነሳ ከጣይባ አጎቶች ትልቁ ክንዱን ይዞ ደግፎት ነበር።

ዳለቻን ኦዳ ድረስ ሄዶ ያመጣው ማን ይመስላችኋል? መሐዲ! "ተቀናቃኜን በሌላ ሰው መኪና አላስመጣም" ብሎ። ዳለቻ የኋላ ወንበሩ ላይ ተንሰራፍቶ፣ ጢሙን በመስኮት አውጥቶ፣ እንደ አገረ ገዢ ከተማ ገባ። ሰው በመንገዱ በሁለቱም ወገን እልል አለ። የማማ መሪማ በር ላይ ሲደርስ መሐዲ ፍሬን ረገጠ። ሁላችንም ጆሯችንን አቀናን።

ጸጥ።

"የመምህር ቦጋለ ሥራ!" ብሎ ቦጋለ በደስታ ጮኸ፤ የዚያን ቀን በፍሬን ፋንታ የጮኸው እሱ ብቻ ነው።

እሁድ ሠርጉ ተሠራ። በሚቀጥለው ሳምንት ውድድር ላይ ዳለቻ ደግሞ አንደኛ ወጣ፣ መሐዲ ደግሞ ሁለተኛ፤ መሐዲም ከፍየሉ ባለቤት በላይ ጨፈረ። በሠርጉ ላይ ኢንስፔክተር ሀዎ የደንብ ልብሷን ለብሳ መጣች። በሰዎች ሁሉ ፊት ወደ እኔ ተራመደች፣ ቀጥ ብላ ቆመች፣ እጇን ወደ ግንባሯ አንስታ የወታደር ሰላምታ ሰጠችኝ፤ "ከሞያሌ ምስክሮች ሁሉ የታመነው!" አለች።

እንግዲህ መጀመሪያ ላይ ምያለሁ፤ ሶሎሎ መንገድ መሀል መቅረት ደግሞ አልፈልግም። ላቱ እውነት ነው። ውሾቹ እውነት ናቸው፣ ጭላቱም ጭምር። ሰላምታውን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሀዎ ወደ ሠርጉ መጣች፣ ወደ እኔም ተራመደች፤ ያለችኝ ግን "የሞተርህ የኋላ ፍሬን መብራት አይሠራም፣ ሰኞ አሠርተህ አሳየኝ" ነው።

ከሄደች በኋላ ለሙሽራው ግን "ያ ልጅ ሲያወራ ቢያጋንንም፣ ሲያይ ግን በደንብ ያያል" ብላዋለች። ይሄን የነገረኝ ራሱ ለሚ ነው። ለሚ ደግሞ ወሬ ማሳመርን ከማን እንደተማረ ሞያሌ ውስጥ የማያውቅ የለም።